የአጎራባች አስተዳደሮች የአደጋ ጊዜ ስምምነት ሲሻሻል ምኑ መነካት አለበት?

አጎራባች ከተሞችና ወረዳዎች በአደጋ ጊዜ አንዱ ለሌላው የሚደርስበትን የጋራ ስምምነት ለማሻሻል ሲቀመጡ ውይይቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመግቢያው ይጀምራል። ስለ ትብብርና ስለ መልካም ጉርብትና የተጻፉት አረፍተ ነገሮች ይነበባሉ፣ ጥቂት ቃላት ይለወጣሉ፣ ተሰብሳቢውም ያለ ብዙ ክርክር ይስማማል። እንዲህ ያለው ስብሰባ በሰላም ይጠናቀቃል፤ ሰነዱ ግን አልተሻሻለም። ጎርፍ በገባበት ወይም እሳት በተነሣበት ሌሊት ሰነዱን የሚገልጠው ተረኛ ሹም መግቢያውን አያነብም። እሱ የሚፈልገው እርዳታ የመጠየቅ ሥልጣን የማን እንደሆነ፣ የመጣው ቡድን ከማን ትእዛዝ እንደሚቀበል፣ የነዳጁንና የትርፍ ሰዓቱን ሒሳብ ማን እንደሚሸፍን፣ ከመጡት ሠራተኞች አንዱ ቢጎዳ ወጪው በማን ላይ እንደሚወድቅ የሚነግረውን ገጽ ነው። ማሻሻያውም መመዘን ያለበት እነዚህን ጥያቄዎች ከበፊቱ በተሻለ ግልጽነት በመመለሱ ነው።

ስምምነት በዕድሜው ብዛት ብቻ አያረጅም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ከተሞችና ካውንቲዎች (ከግዛት በታች ያሉ አስተዳደሮች) የሚረዳዱበት ዋና ስምምነት የተፈረመው በ1950 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ዛሬም ይሠራበታል። ሰነዱ አጭር ነው፤ ከያዛቸው ድንጋጌዎች ደግሞ ሁለቱ ለዕድሜው መርዘም ትልቅ ድርሻ ያላቸው ይመስለኛል። አንደኛው ማንኛውም ፈራሚ ወገን ሌላውን ለመርዳት ሲል የራሱን አቅም ከምክንያታዊ መጠን በላይ እንዲያራቁት እንደማይገደድ ይናገራል። ሁለተኛው አደጋው በደረሰበት አካባቢ ያለው ኃላፊ፣ ከውጭ የመጡትን ሰዎችና መሣሪያዎች ጭምር እየመራ፣ የምላሹ አዛዥ ሆኖ እንደሚቀጥል ይደነግጋል። ስንት ተሽከርካሪ፣ በየትኛው መንገድ፣ በማን ስልክ የሚለው ዝርዝር በየጊዜው ለሚታደሱ የአሠራር ዕቅዶች ተትቷል።

ብዙ ስምምነቶች ግን የተጻፉት በተቃራኒው ነው። የመምሪያዎች ስም፣ የኃላፊዎች ማዕረግ፣ የሬዲዮ ሞገድ ቁጥር፣ አንዳንዴም የዕለት አበል መጠን ሳይቀር በዋናው አካል ውስጥ ይገባል። አንድ መምሪያ ከሌላው ጋር ሲዋሐድ ወይም ስሙ ሲቀየር አንቀጹ ሕጋዊ ዋጋውን ባያጣም የሚጠራው ቢሮ አይገኝም። ይህን ለማስተካከል ደግሞ ሁሉም ምክር ቤቶች እንደገና ማጽደቅ ስላለባቸው ማንም አይነካውም፤ ሰነዱም ዓመት በዓመት ከእውነታው እየራቀ ይሄዳል። ስለዚህ ከማሻሻያው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ መለየት ነው፤ ምክር ቤቶች የሚያጸድቁት ዋና አካል ለብቻው፣ የቴክኒክ ኮሚቴው በየዓመቱ የሚያድሳቸው አባሪዎች ለብቻቸው ይሆናሉ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አባሪን ማሻሻል ቀላል በመሆኑ ከባድ ግዴታዎች በዚያ በኩል ሾልከው እንዲገቡ በር ይከፍታል። ገንዘብ የሚያስወጣ ወይም ተጠያቂነትን የሚያሸጋግር ማንኛውም ቃል በዋናው አካል ብቻ እንዲቀመጥ፣ አባሪ ከዋናው ጋር ቢጋጭም ዋናው እንዲጸና በግልጽ መጻፍ አለበት።

ወደ ይዘቱ ስንገባ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው የጥያቄ አቀራረብ ነው። አብዛኞቹ ስምምነቶች የቆሙት በአንድ እምነት ላይ ነው፤ የተጎዳው አስተዳደር ጉዳቱን ገምቶ፣ የሚፈልገውን ዘርዝሮ፣ በተፈቀደለት ኃላፊ በኩል ይጠይቃል፣ ሌላው መልስ ይሰጣል። መጋቢት 11 ቀን 2011 በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ይህ እምነት የት ላይ እንደሚሰበር አሳይቷል። በኢዋቴ ክፍለ ግዛት በምትገኘው የኦጹቺ ከተማ ማዕበሉ የማዘጋጃ ቤቱን ሕንፃ ሲመታ ከንቲባው ከበርካታ ሠራተኞቻቸው ጋር ሞቱ። ጠያቂው ራሱ በሌለበት ጥያቄ የሚጠብቅ ሥርዓት ምን ሊያደርግ ይችላል? ስልክ የተቋረጠበት፣ መዝገቡ በውኃ የተወሰደበት አስተዳደር ዝም ማለቱ እርዳታ አልፈለገም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ከሁሉ በላይ የተጎዳው ዝም ያለው ሊሆን ይችላል።

በዚያው አደጋ ወቅት ሌላ አካሄድ ታይቷል። ገና በታኅሣሥ 2010 የተመሠረተው፣ በምዕራብ ጃፓን የሚገኙት የካንሳይ ክፍለ ግዛቶች ኅብረት አደጋው በደረሰ በሁለተኛው ቀን አባላቱን ለተጎዱት ክፍለ ግዛቶች ደለደለ። ኦሳካና ዋካያማ ለኢዋቴ፣ ሂዮጎ፣ ቶቶሪና ቶኩሺማ ለሚያጊ፣ ሺጋና ኪዮቶ ለፉኩሺማ እንዲደርሱ ተወሰነ። እያንዳንዱ ረጂ የሚያውቀው አንድ ተረጂ ስለነበረው ሁሉም ዜና ወደ በዛበት ቦታ አልተንጋጋም፤ ሠራተኞችንም በተራ እየላኩ የተጀመረውን ሥራ ማስቀጠል ተቻለ። ከኅብረቱ አባላት አንዷ ሂዮጎ፣ በ1995 ከ6,400 በላይ ሰዎች የሞቱበትን የኮቤ መሬት መንቀጥቀጥ ያየች ግዛት በመሆኗ፣ መጠለያ እንዴት እንደሚመራና ፍርስራሽ እንዴት እንደሚነሣ ከራሷ ልምድ የምታውቅ ነበረች። የጃፓን የአደጋ መከላከል መሠረታዊ ሕግም በ2012 ሲሻሻል የአካባቢው አስተዳደር መጠየቅ በማይችልበት ሁኔታ ጥያቄ ሳይጠበቅ ቁሳቁስ የሚላክበት መንገድ ተካቶበታል።

ከዚህ ተነሥቶ ወደ አካባቢያዊ ስምምነት ሊገባ የሚችለው ድንጋጌ ብዙ ቃል አይጠይቅም። አንድ ፈራሚ አስተዳደር በተወሰነ ሰዓት ውስጥ በማናቸውም መገናኛ ካልተገኘ እንደጠየቀ ይቆጠራል፤ አስቀድሞ የተመደበለት ጎረቤትም ሁኔታውን የሚያጣራ አነስተኛ ቡድን ይልካል። ቡድኑ አነስተኛ መሆን ያለበት በምክንያት ነው። ሳይጠሩ በገፍ የሚመጡ ተሽከርካሪዎች ጠባቡን መንገድ ይዘጋሉ፣ ነዳጅና ማደሪያ ይሻማሉ፣ የምላሹን አዛዥም አስተናጋጅ ያደርጉታል። የቃል ጥያቄ ያለ ደብዳቤ ተቀባይነት እንዲኖረው መፍቀድም የግድ ነው፤ የአሜሪካ ግዛቶች እርስ በርስ የሚረዳዱበት የአደጋ ጊዜ ድጋፍ ቃል ኪዳን በቃል የቀረበ ጥያቄ በ30 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንዲረጋገጥ ብቻ ያዝዛል። ወረቀቱ ይቅር አልተባለም፣ ከእርዳታው በኋላ ይምጣ ነው የተባለው።

ይህ ቃል ኪዳን ከ1992ቱ የአንድሩ አውሎ ነፋስ በኋላ በደቡብ ግዛቶች መካከል ተጀምሮ በ1996 በኮንግሬስ የጸደቀ ሲሆን ዛሬ ሁሉም 50 ግዛቶች አባላቱ ናቸው። በ2005 የካትሪናና የሪታ አውሎ ነፋሳት በደረሱ ጊዜ በእሱ አማካይነት የተሰማሩት ሰዎች ከ65 ሺሕ በላይ ነበሩ። ያን ያህል ሰው ከግዛት ግዛት ተሻግሮ እንዲሠራ ያስቻለው ሕጉ አስቀድሞ የመለሳቸው ጥቂት ደረቅ ጥያቄዎች ናቸው። የተላከ ሠራተኛ ሥራውን ሲሠራ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ቢያደርስ በተጠያቂነት ረገድ የጠያቂው ግዛት ወኪል ተደርጎ ይቆጠራል። ራሱ ቢጎዳ ወይም ቢሞት ግን ካሳውን የሚከፍለው የራሱ ግዛት ነው፣ በቤቱ እንደተጎዳ ሁሉ። በአንዱ ግዛት የተሰጠ የሙያ ፈቃድ በሌላው እንደ ተሰጠ ይታያል፤ ነርሷ ወይም መሐንዲሱ በአደጋ መካከል ፈቃድ ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ አይንከራተቱም። ወጪውን ጠያቂው ይተካል፤ ላኪው ከፈለገ ግን መተው ይችላል።

እነዚህ መልሶች በቅርብ ሲታዩ ምን እንደሚያድኑ ለመረዳት አንድ የውኃ ቦቴ እንውሰድ። ቦቴው ከጎረቤት ከተማ መጥቶ በማያውቀው ጠባብ መንገድ ወደ ኋላ ሲመለስ የአንድ ቤት አጥር ያፈርሳል፤ ሾፌሩም ትከሻው ይጎዳል። ስምምነቱ ዝም ካለ የቤቱ ባለቤት ሁለቱን ከተሞች ይከስሳል፣ የቦቴው መድን ሰጪ ተሽከርካሪው ከተመዘገበበት አካባቢ ውጭ መሥራቱን ጠቅሶ ይከራከራል፣ የሾፌሩ መሥሪያ ቤት ደግሞ ጉዳቱ የደረሰው በሌላ አዛዥ ሥር ሳለ ነው ብሎ ወደ ጎን ሊል ይችላል። በሚቀጥለው ጊዜ ጥሪ ሲመጣ የዚያ ከተማ የሕግ ክፍል ቦቴውን ለማሰማራት መፍቀዱ ያጠራጥራል። ስለዚህ ማሻሻያው ሲረቀቅ የመድን ውሎቹ ራሳቸው ተገልጠው መነበብ አለባቸው፤ ስምምነቱ የሸፈነውን የመድን ውሉ ካገለለው ፊርማው ባዶ ተስፋ ነው። ይህ ሥራ አሰልቺ በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ይዘለላል።

ስለ ገንዘብ ከተነሣ ዘንድ አንድ ወጥመድ መጠቀስ አለበት። ብዙ አስተዳደሮች «ወጪው የሚተካው ከማዕከላዊ መንግሥት ገንዘብ ከተገኘ ብቻ ነው» የሚል ሐረግ ማስገባት ይወዳሉ። ጠያቂው ከራሱ ካዝና እንደማይከፍል ስለሚያረጋግጥለት ጥሩ ጥበቃ ይመስላል። በአሜሪካ የፌዴራሉ የአደጋ አስተዳደር ድርጅት መመሪያ ግን ክፍያን በፌዴራል ገንዘብ መገኘት ላይ ለሚያንጠለጥል ስምምነት ወጪውን አይተካም፤ አመክንዮው ጠያቂው ያለ ሁኔታ ያልገባበት ዕዳ ዕዳ አይደለም የሚል ነው። ገንዘቡ እንዲገኝ ተብሎ የተጻፈው ሐረግ ገንዘቡን ያስቀራል ማለት ነው። በየትኛውም አገር ያለ አርቃቂ ከዚህ የሚወስደው ነገር ቢኖር የመጨረሻው ከፋይ የሚጠይቀውን ማስረጃና የቃላት አሠራር ረቂቁ ከመጻፉ በፊት ማወቅ እንዳለበት ነው። አንዳንድ ስምምነቶች የመጀመሪያዎቹን 12 ሰዓታት በነፃ አድርገው ከዚያ በኋላ ሒሳብ ይቆጥራሉ፤ ትንንሽ እርዳታዎች በደረሰኝ ክምር እንዳይታፈኑ የሚያደርግ፣ በእኔ እምነትም ፍትሐዊ የሆነ መንገድ ነው። ሆኖም ሰዓቱ የሚቆጠረው ቡድኑ ከጣቢያው ሲወጣ ይሁን አደጋው ቦታ ሲደርስ ካልተገለጸ ክርክሩ እዚያው ይጀምራል። የስምሪት ቅጹ የመነሻና የመድረሻ ሰዓት፣ የተሽከርካሪው የኪሎ ሜትር ንባብና የተቀባዩ ኃላፊ ፊርማ የሚሰፍርበት ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ ከሦስት ወር በኋላ በትውስታ የሚሞላ ቅጽ በኦዲተር ፊት አይቆምም።

የመሣሪያዎች መናበብ ሌላው ነገር ነው፤ ታሪኩም አስተማሪ ነው። በየካቲት 1904 የባልቲሞር ከተማ ከ30 ሰዓታት በላይ ስትቃጠል ከዋሺንግተን፣ ከፊላዴልፊያና ከኒው ዮርክ የእሳት አደጋ ቡድኖች በባቡር ደረሱ። የብዙዎቹ የውኃ ቱቦ ግን ከከተማዋ የውኃ መስመር መጋጠሚያ ጋር አልገጥም አለ፤ ከ1,500 በላይ ሕንፃዎችም ወደሙ። በተከታዩ ዓመት ብሔራዊ የመጋጠሚያ ደረጃ ወጣ። በጥቅምት 1991፣ ማለትም ከ87 ዓመታት በኋላ፣ በካሊፎርኒያ በኦክላንድ ኮረብታዎች 25 ሰዎችን የገደለው እሳት ሲነሣ ለእርዳታ የመጡት ቡድኖች ሁለት ኢንች ተኩል መጋጠሚያ ይዘው መጡ፤ የኦክላንድ መስመር ደግሞ ባለ ሦስት ኢንች ነበር። ደረጃው አልጠፋም፣ የሚያስገድድ ግን አልነበረም። ከዚያ እሳት በኋላ የካሊፎርኒያ ሕግ አውጪ ለሁሉም አስተዳደሮች አንድ ወጥ የአደጋ አመራር ሥርዓት ደነገገ፤ የምላሽ ወጪያቸው ከግዛቱ እንዲተካላቸው የሚፈልጉ የአካባቢ አስተዳደሮች ሥርዓቱን መጠቀም አለባቸው የሚል ድንጋጌም ታከለበት። ምክርና ደረጃ ያላመጡት ለውጥ ከገንዘብ ጋር ሲታሰር መጣ። ሰነዱን የሚያሻሽሉ አስተዳደሮችም የሬዲዮ፣ የካርታና የማዕረግ ስያሜ አንድነትን «ይበረታታል» በሚል ግሥ ከማስቀመጥ ይልቅ ከወጪ መተካት ጋር ቢያያይዙት ይሻላል።

ሌላ ከባድ ጥያቄ ደግሞ አለ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲመታስ? የጎረቤት መረዳዳት ሁልጊዜ የሚያስበው አንዱ ተጎድቶ ሌላው ደኅና ሆኖ ነው። በ2020 ወረርሽኙ ሲስፋፋ ብዙዎቹ አስተዳደሮች ለሌላው የሚያበድሩት የመተንፈሻ መሣሪያ ወይም ነርስ ማግኘት ከበዳቸው፤ ብዙዎችም የራሳቸውን ክምችት ይዘው ተቀመጡ። በአንድ ወንዝ ተፋሰስ ላይ የተቀመጡ ከተሞችም በአንድ ጎርፍ አብረው ይጠለቃሉ። ለዚህ ስምምነቱ ሁለት ነገሮችን መያዝ ይኖርበታል። የመጀመሪያው እምቢ የማለትና የላኩትን መልሶ የመጥራት መብት ነው፤ እንዴት እንደሚጠራ፣ በስንት ሰዓት ማስጠንቀቂያ፣ በመካከል ላይ ያለ የማዳን ሥራ እስኪጠናቀቅ ይጠበቅ እንደሆነ መዘርዘር አለበት። እምቢታ የሚያሳፍር ነገር ተደርጎ ሲታይ ባለሥልጣናት «እንልካለን» ብለው አይልኩም፣ ይህ ደግሞ ከግልጽ እምቢታ ይብሳል፤ ጠያቂው ሌላ በር እንዳያንኳኳ ያደርገዋልና። ሁለተኛው አንድ አደጋ በአንድ ጊዜ ሊያገኛቸው ከማይችል ሩቅ አስተዳደር ጋር የሚደረግ ጥምረት ነው። የካንሳይ ግዛቶች ለሰሜን ምሥራቁ መድረስ የቻሉት ሩቅ ስለነበሩ ነው። የሀብት ክፍፍል የሚወስን የጋራ አካልም በቅድሚያ መሰየም አለበት፤ ሁለት ከተሞች አንዱን ቦቴ በአንድ ሰዓት ሲፈልጉ ቀድሞ የደወለው ይውሰድ ማለት ፍትሕ አይደለም።

ፈራሚዎቹ እነማን ይሁኑ የሚለው በአጭሩ ሊታለፍ የሚችል ነው። የውኃና የመብራት አገልግሎቶች፣ ሆስፒታሎችና የእርዳታ ድርጅቶች በአደጋ ጊዜ ከማዘጋጃ ቤት የማይተናነስ ሥራ ይሠራሉ፤ ሆኖም የመንግሥት አካላት ያላቸው የሕግ ከለላ ብዙ ጊዜ ስለሌላቸው በዋናው ስምምነት ከማስገባት በተለየ የመቀላቀያ ሰነድ ማስፈረም ይመረጣል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን አዲሱ ሰነድ እንዴት ሥራ ላይ ይውላል የሚለው ነው። ሃያ ምክር ቤቶች ያሉበት አካባቢ ነው እንበል። ማሻሻያው ሁሉም ሲፈርሙ ይጸናል ከተባለ የመጨረሻው ምክር ቤት እስኪፈርም ሁለት ዓመት ሊያልፍ ይችላል፤ በመካከል ምርጫ ቢመጣ ወይም የአንዱ ከተማ ጠበቃ አንዲት ሐረግ ላይ ቢቆም ሁሉም ይቆማል። በፈረሙት መካከል ወዲያው ይጸናል ከተባለ ደግሞ አሮጌውና አዲሱ ስምምነት ጎን ለጎን ይኖራሉ። አዲሱን የፈረመች ከተማ አሮጌውን ብቻ ለያዘች ከተማ ቦቴ ስትልክ የሚሠራው የትኛው ነው? በአሮጌው መሠረት ላኪው ወጪውን ይሸከም የነበረ ከሆነና አዲሱ ለጠያቂው ካሸጋገረው፣ አዲሱን የፈረመች ከተማ ስትጠየቅ በነፃ ስትጠይቅ በክፍያ ልትሆን ነው። በእኔ እይታ የሚሻለው ሦስተኛው መንገድ ነው፤ ከፈራሚዎቹ የተወሰነ ድርሻ፣ ለምሳሌ ሁለት ሦስተኛው፣ ሲያጸድቅ አዲሱ በመካከላቸው ይጸናል፣ ካልፈረሙት ጋር አሮጌው እስከ አንድ የተቆረጠ ቀን ድረስ ይቆያል፣ ከዚያ ቀን በኋላ ግን አሮጌው ለሁሉም ይቀራል። የተቆረጠው ቀን የበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ቢሆን ምክር ቤቶች ለመድኑና ለሥልጠናው የሚያስፈልገውን ገንዘብ አብረው መያዝ ይችላሉ። ቀኑም ዝናብ ወይም የሰደድ እሳት የሚበዛበት ወቅት ላይ እንዳይውል ማየት ያስፈልጋል፤ ተረኞች አዲሱን ቅጽ የሚማሩት በአደጋ መካከል መሆን የለበትም።

የሚቀጥለው ማሻሻያ መቼ ይሁን ለሚለውም መልሱ ከወዲሁ መቀመጥ አለበት፤ አለዚያ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። በየአምስት ዓመቱ የሚል የጊዜ ገደብ ብቻውን አይበቃም፤ ስምምነቱ ሥራ ላይ በዋለ ቁጥር በ60 ወይም በ90 ቀናት ውስጥ ተሳታፊዎቹ ተሰብስበው የትኛው አንቀጽ እንደረዳና የትኛው እንዳስቸገረ በጽሑፍ እንዲያስቀምጡ ቢገደዱ የተሻለ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረግ ልምምድም ተሽከርካሪ ማንቀሳቀስ ብቻ ሳይሆን ቅጹን መሙላትና ለልምምዱ የተዘጋጀ የናሙና ደረሰኝ ለሒሳብ ክፍል ማቅረብን ቢያካትት ክፍተቱ የሚታየው በብዛት እዚያ ነው። ይህን ሁሉ የሚከታተል፣ አባሪዎችን የሚያድስ፣ የተረኞችን ስልክ በየሩብ ዓመቱ ደውሎ የሚያረጋግጥ ሰው ደግሞ ደመወዝ ያስፈልገዋል። ብዙ ስምምነቶች ይህን ሥራ «በፈራሚዎቹ የጋራ ጥረት» ብለው ለማንም ሳይሰጡ ይተዉታል። ማሻሻያው ጽሕፈት ቤቱ የት እንደሚሆን፣ እያንዳንዱ አስተዳደር በሕዝቡ ብዛት መጠን ምን ያህል እንደሚያዋጣ፣ መዋጮውን ያልከፈለ ፈራሚ በድምፅ አሰጣጥ ላይ ምን መብት እንደሚኖረው መናገር ይኖርበታል፤ የመጀመሪያው ዓመት መዋጮም ከፊርማው ጋር በአንድ ውሳኔ መጽደቅ አለበት።